ከፊልም መምህራን የወሰድኩትና የተውኩት

በአንድ የወረዳ ከተማ፣ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። አዲስ የሚመደቡልን ወጣት መምህራን ብዙዎቹ አንድ የመምህር ፊልም በልባቸው ይዘው ነው የሚመጡት። አሜሪካዊው ተዋናይ ሮቢን ዊሊያምስ በ«ዴድ ፖየትስ ሶሳይቲ» ጠረጴዛ ላይ የወጣበትን፣ ወይም የህንዱ ተዋናይ አሚር ካን በ«ታሬ ዛሚን ፓር» ተማሪውን ያቀፈበትን። ይህን እወድላቸዋለሁ። ደመወዙን ብቻ አስቦ ጠመኔ የሚያነሳ ሰው ብዙም አይቆይም።

ችግሩ የሚመጣው ኅዳር አካባቢ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰባ ተማሪ አለ። ግማሹ መጽሐፍ የለውም። ከኋላ ያሉት ያወራሉ። ፊልሙ ላይ የነበረው ነገር አልመጣም። ያኔ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም መሰለኝ» ይሉኛል። ይህን መስማት ያመኛል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ ራሳቸውን የሚለኩት ግን ፊልሙ ቆርጦ ባስቀረው ነገር ነው።

ስለዚህ እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ ፊልሞቹን አብረን ማየት ጀመርን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንዳችን ቤት፣ በላፕቶፕ። መብራት ከጠፋ እስከ ባትሪው ነው። አንድ ሕግ አለን፦ ክፍል ውስጥ የሚካሄድ ትዕይንት ሲመጣ ፊልሙን እናቆመዋለን። ከዚያ እንጠያየቃለን። መምህሩ አሁን በእጁ የሠራው ምንድን ነው? ይህ እንዲሆን ከዚህ በፊት ምን ተሠርቶ መሆን አለበት? ሰኞ እኛ ክፍል ብንወስደውስ? የቆየው የጂኦግራፊ መምህራችን ደግሞ በየፊልሙ አንድ ጥያቄ አይቀርባቸውም፦ «ይኼ ሰውዬ ደብተር የሚያርመው መቼ ነው?» መልሱን ፊልሙ ላይ አግኝተነው አናውቅም ማለት ይቻላል። ጥያቄው ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመን ነው።

በጣም የተማርንበት ፊልም በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» ነው (የፊልሞቹንና የውጭ አገር ታሪኩን ዓመቶች ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ሃይሜ ኤስካላንቴ በ1930 ቦሊቪያ፣ ላ ፓዝ ተወለደ። እዚያው አስተማሪ ነበር። አሜሪካ ሲገባ የማስተማር ፈቃዱ አልሠራለትም። ምግብ ቤት ወለል እየወለወለ እንግሊዝኛ ተማረ፣ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ሠራ፣ ከሀ ጀምሮ ኮሌጅ ገባ። ከዚያ በ1974 በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ጋርፊልድ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ተማሪዎቹ በብዛት ከሜክሲኮ የመጡ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በ1982 ከዚያ ትምህርት ቤት 18 ተማሪዎች የኮሌጅ ደረጃ የካልኩለስ ፈተና ወስደው ሁሉም አለፉ። ፈታኙ ድርጅት 14ቱን ኩረጃ ጠረጠራቸው። 12ቱ እንደገና ተፈተኑ፤ ሁሉም አለፉ። ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ መምህሩን ሆኖ ሲጫወት ለኦስካር ታጭቷል።

ፊልሙን ስናይ መጀመሪያ ያቆምነው ፖም ላይ ነው። ኤስካላንቴ ሽርጥ ታጥቆ፣ ትልቅ ቢላ ይዞ ክፍል ይገባል። የተቆረጡ ፖሞች ለተማሪዎቹ ያድላል። ከዚያ አንቺ ጋ ምን አለ፣ አንተ ጋ ስንት ቀረ እያለ ክፍልፋይና መቶኛ ያስተምራል። አዳዲሶቹ መምህራን የወደዱት ሽርጡን ነው። እኛ ግን ደግመን ስናየው ሌላ ነገር ታየን። ማንም ተማሪ ሳይጠየቅ አያልፍም። ጥያቄው አጭር ነው፣ መልሱም እጃቸው ላይ ነው። ይህ ፖምም ሽርጥም አይፈልግም። እኔ አንድ ዳቦ ገዝቼ ይዤ ገባሁ። በማግስቱ ዳቦም አላስፈለገኝም፤ ወረቀት አጣጥፈን ቀጠልን።

ሁለተኛው ያቆምንበት ቦታ ጉድጓዱ ነው። መምህሩ አንዱን ልጅ አሉታዊ ቁጥርን በአሸዋ ያስረዳዋል። የወጣው አሸዋ አዎንታዊ ነው፣ ጉድጓዱ አሉታዊ። ሁለት ወደ ታች የተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ሁለት ብትሞላበት ስንት ቀረ? ልጁ ዝም ይላል። መምህሩም አይለቀውም፤ ጉድጓዱን ሙላው ይለዋል። ይህን 9ኛ ክፍል ላይ እንዳለ ተጠቅሜበታለሁ፤ ሠርቶልኛል። ተማሪዎቼ ጉድጓድ መቆፈር ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

አንሄል የሚባለው ተማሪ ደግሞ መማር ይፈልጋል፤ ግን ጓደኞቹ መጽሐፍ ይዞ እንዲያዩት አይፈልግም። ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ይደራደራል። ኤስካላንቴ አይሰብክም፣ አይቆጣም። አንዱን መጽሐፍ ለክፍል፣ አንዱን ትምህርት ቤት ላለው ቁም ሳጥኑ፣ አንዱን ለቤት አድርጎ ሦስት ይሰጠዋል። ልጁ ባዶ እጁን ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ክብሩም አልተነካም። ይህን ትዕይንት ካየን በኋላ አንድ ልማዴን ቀየርኩ። የኩዊዝ ውጤት ጮክ ብዬ አላነብም። ወረቀቱን አጣጥፌ እያዞርኩ እሰጣለሁ። ከሃያው ሁለት ብቻ ያመጣ ልጅ በሚቀጥለው ቀን እጁን ለማውጣት ድፍረት የሚያገኘው ሁለቱን ማንም ካላወቀበት ነው። ሰባ ወረቀት ማጣጠፍ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋ አለው።

ሌላም ትዕይንት አለ። ግሪኮችና ሮማውያን ያልተጠቀሙበትን ዜሮ ቅድመ አያቶቻችሁ ማያዎች አስበውታል፣ ሒሳብ በደማችሁ ውስጥ አለ ይላቸዋል። ባልደረባዬ አቁሞት «የእኛስ?» አለ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ይህን ለተማሪዎቼ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ግን በውጭ የሒሳብ መጻሕፍት አንዳንዴ «የኢትዮጵያ ማባዣ»፣ አንዳንዴ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ» የሚባል ዘዴ አለ። ማጋመስና ማጠፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሰሌዳ ላይ እንዲህ ሠራሁት።

13 በ24 ይባዛ። በግራ 13ን እያጋመስን እንወርዳለን፣ የተረፈውን እየጣልን፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በቀኝ 24ን እያጠፍን፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር እንሰርዛለን። የተሰረዘው የ6 መስመር ነው፣ 48 ወጣ። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች እንደምራለን፦ 24 እና 96 እና 192፣ 312። ተማሪዎቹ በለመዱት መንገድ አባዝተው አረጋገጡ። ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ ከመሐል አንዷ «ቲቸር፣ ለምንድን ነው የሚሠራው?» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። 13 ማለት 8 እና 4 እና 1 ነው። 192 የ24 ስምንት እጥፍ፣ 96 አራት እጥፍ፣ 24 ራሱ አንድ እጥፍ ነው። ኮምፒውተር በ0 እና በ1 የሚቆጥረውም በዚሁ መንገድ ነው። ክፍለ ጊዜው አልቆ ደወል ሲደወል ማንም አልተነሳም። ፊልም ላይ የማየው ነገር እኔም ክፍል ይመጣል ማለት ነው። ግን የአንድ ቀን ነገር ነው። በማግስቱ የእኩልታ መልመጃ ነበረብን፣ እሱም ደረቅ ነበር።

አሁን ፊልሙ ቆርጦ ወዳስቀረው ልሂድ፤ ለአዲስ መምህራን ከሁሉም በላይ እንዲደርሳቸው የምፈልገው ይህ ነው። ፊልሙ ላይ ክፍልፋይ የማይችሉ ልጆች በጣም ባጠረ ጊዜ ካልኩለስ ያልፋሉ። በእውነት ግን ኤስካላንቴ ጋርፊልድ ከገባ እስከ 1982 ስምንት ዓመት ነው። የመጀመሪያውን የካልኩለስ ክፍል የከፈተው ከገባ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ለፈተና የበቁት አምስት ልጆች ነበሩ፣ ያለፉትም ሁለቱ። በሚቀጥለው ዓመት ዘጠኝ ተፈትነው ሰባት አለፉ። በ1981 ከ15ቱ 14ቱ። 18ቱ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኤስካላንቴ ራሱ ፊልሙ 90 በመቶ እውነት፣ 10 በመቶ ድራማ ነው ብሏል። ያሳሰበው ግን ያው የጊዜው ነገር ነበር፤ ማባዛት የማይችል ልጅ በአንድ ዓመት ካልኩለስ ይችላል የሚል ግምት ሰው ውስጥ እንዳይገባ።

እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፌ መምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ ለጥፌያቸዋለሁ። ሁለት፣ ሰባት፣ 14፣ 18። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ልጅ ይዞ የወጣ ሰው ነው ፊልም የተሠራለት።

ሌላው የተቆረጠው ሰው ነው። ፊልሙ ላይ ኤስካላንቴ ብቻውን ይመስላል። በእውነቱ ቤን ሂሜኔዝ የሚባል ሌላ የሒሳብ መምህር አብሮት ካልኩለስ ያስተምር ነበር። ሄንሪ ግራዲያስ የሚባለው ርዕሰ መምህር ደግሞ ደግፎታል። ከካልኩለስ በፊት የሚመጡት ትምህርቶች ተስተካክለዋል፤ በክረምት ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ ተጨማሪ ትምህርት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከሄደ በኋላ ነገሩ መላላት ጀመረ። ኤስካላንቴ በ1991 ለቀቀ፤ ከዚያ የሚያልፉት ልጆች ቁጥር በጣም ወረደ። መምህሩ ጎበዝ ነበር። ያ ሁሉ ውጤት ግን የአንድ ጎበዝ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ አይመጣም ነበር።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ሲነገር፣ እኛ ጋ ሁሉም ዓይኑን የ12ኛ ክፍል መምህራን ላይ ጣለ። ወላጅም፣ ወረዳም። ሦስት ወር ቱቶሪያል ስጡና አሳልፏቸው ተባለ። እኔ በስብሰባው ላይ የጋርፊልድን ታሪክ ተናገርኩ። ከ9ኛ ክፍል እንጀምር፣ ከዚያም በታች ካለው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህራን ጋር እንገናኝ አልኩ። ዲፓርትመንታችን ተስማማ። አሁን በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ከ8ኛ ክፍል መምህራን ጋር ቁጭ ብለን ልጆቹ የት ላይ እንደሚሰናከሉ እንነጋገራለን። በአብዛኛው ክፍልፋይ ላይ ነው። ይህ ለፊልም አይሆንም፤ ለልጆቹ ግን ይሆናል።

«ዴድ ፖየትስ ሶሳይቲ» በ1989 የወጣ ነው። ታሪኩ በ1959 አንድ የአሜሪካ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚካሄድ ነው። መምህር ኪቲንግ ተማሪዎቹን ግጥምን በነጥብ ስለመለካት የሚያወራውን የመጽሐፍ መግቢያ ያስቀድዳቸዋል። ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ዓለምን ከሌላ አቅጣጫ እዩ ይላቸዋል። ውብ ነው፣ ሁልጊዜ ያስለቅሰኛል። ግን በእኛ ትምህርት ቤት መጽሐፍ መቅደድ አይታሰብም፤ አንዱ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ነው። ከዚህ ፊልም የምወስደው ሌላ ቦታ ያለውን ነው።

ኒል የሚባለው ተማሪ ቲያትር መሥራት ይፈልጋል፣ አባቱ ከልክለውታል። ወደ ኪቲንግ ይመጣል። ኪቲንግ ያዳምጠዋል፣ ለአባትህ ንገራቸው ይለዋል። ልጁ ሳይነግራቸው ነግሬያቸዋለሁ ብሎ ይመለሳል። መጨረሻው በጣም ከባድ ነው፤ ልጁ ሕይወቱን ያጠፋል፣ ትምህርት ቤቱም ጥፋቱን መምህሩ ላይ ይጥላል። እዚህ ጋ ፊልሙን አቁመን ያን ቀን ከዚያ አላለፍንም። ሁላችንም እንደ ኒል ያለ ልጅ አስተምረናል። ሴት ተማሪ ልትዳር ስትል ሹክ ትልሃለች። ወንዱ ትምህርት አቋርጦ ሊሰደድ እንደሆነ ይነግርሃል። «ለማንም እንዳይነግሩብኝ» ይላሉ።

በዚያ ቀን የተስማማነውን ለማንም አዲስ መምህር እነግራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተህ ብቻህን አትያዘው። ለልጁ በግልጽ ንገረው፦ «ለሰው ሁሉ አላወራም፤ ግን ሊረዳህ የሚችል አንድ ሰው እንጨምራለን።» እኛ ጋ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የክፍል ኃላፊው ወይም ዩኒት ሊደሩ ነው። ለሴት ልጅ ከሆነ ሴት መምህርት ትገባለች። ወላጅ ቤት የሚኬደው ሁለት ሆኖ ነው፤ ከተቻለ ቤተሰቡ የሚያከብረው አንድ የአካባቢ ሽማግሌ ይጨመራል። ልጁ ነግሬያቸዋለሁ ብሎ ከመጣም በዚያ አያበቃም። ሄደህ አባትየውን ሰላም በላቸው።

የህንዱ «ታሬ ዛሚን ፓር» በ2007 የወጣ ሲሆን፣ እኛ አገር ከህንድ ፊልም ጋር ላደገ ሰው ቀላል ነው። ኢሻን የሚባል ልጅ ማንበብ አይሆንለትም። ሰነፍ ነው ተብሎ አዳሪ ትምህርት ቤት ይላካል። እዚያ የሥዕል መምህሩ ኒኩምብ፣ አሚር ካን ማለት ነው፣ ይደርስለታል። መምህሩ የሚመጣው ፊልሙ ግማሽ ላይ ነው፤ ይህን በጣም እወደዋለሁ። መጀመሪያ ልጁን ለብቻው እናውቀዋለን።

ኒኩምብ መጀመሪያ የሚያደርገው የልጁን ደብተሮች ማየት ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን እዚህ ጋ በጣም ደስ አላቸው፤ ደብተር የሚያይ መምህር ተገኘ። ስህተቱን ቆጥሮ ማርክ አይቀንስም፤ ስህተቱ የሚደጋገምበትን መንገድ ይፈልጋል። ፊደል ይገለበጣል፣ የሚመሳሰሉት ይቀያየራሉ። ከዚያ ወላጆቹ ቤት ሄዶ ያስረዳል፣ ርዕሰ መምህሩን ለልጁ ጊዜ እንዲሰጠው ይለምናል፣ በአሸዋ ላይ ፊደል ያጽፈዋል፣ ደረጃ እያስወጣ እያስወረደ ያስደምረዋል።

ከዚህ በኋላ የአንድ ተማሪዬን ደብተር ወስጄ አየሁ። ሁልጊዜ ከአስር ሦስት፣ አራት የሚያመጣ ልጅ ነበር። ስሌቱን ስከታተል ትክክል ነው። የተሳሳተው ከሰሌዳ ሲገለብጥ ነው። 36ን 63 ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ 63ን በትክክል ይሠራል። በቃል ስጠይቀው ፈጥኖ ይመልሳል። ሐኪም አይደለሁም፣ ለችግሩ ስም አልሰጠሁም። ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ጥያቄዎቹን ሲገለብጥ ጎኑ ያለው ልጅ ቁጥሮቹን እንዲያነብለት አደረግኩ። ኩዊዝ ላይ ትንሽ ጊዜ ጨመርኩለት። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ለስሌቱ ማርክ ሰጠሁ። ውጤቱ ወደ ሰባት ወጣ። ሰባ ደብተር ሳይሆን አንድ ደብተር በደንብ ማየት ነው የፈለገብኝ። አሁን በየሳምንቱ ከየክፍሉ ጥቂት ደብተር መርጬ እንዲህ አያለሁ። ሰባውንም እንዲህ ላድርግ ብትሉ አትችሉም፣ አትሞክሩት።

ራስን ስለ መጨረስም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። «ፍሪደም ራይተርስ» የሚለው የ2007 ፊልም ላይ መምህርቷ ኤሪን ግሩዌል ለተማሪዎቿ መጽሐፍ ለመግዛት ተጨማሪ ሥራ ትይዛለች፣ ትዳሯም ይፈርሳል። እውነተኛ ሰው ናት፣ ሥራዋም ትልቅ ነው። ግን ያ ትምህርት ቤት ውስጥ ያስተማረችው ጥቂት ዓመት ነው። እኛ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ልንሠራ ነው የገባነው። ደመወዙ ከወር እስከ ወር በማያደርስበት ጊዜ መምህር ቤቱን ትቶ መሥዋዕት ይሁን የሚል ፊልም ለአዲስ መምህር ብቻውን አላሳይም። አሳይቼ ካቆምኩ ደግሞ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መጽሐፉን መግዛት የነበረበት ማነው?

ለዚህ ማካካሻ «ሉናና» የሚለውን የቡታን ፊልም እመርጣለሁ። አውስትራሊያ መሄድ የሚመኝ ወጣት መምህር በእግር ቀናት ወደሚያስኬድ ተራራማ መንደር ይመደባል። ሰሌዳ እንኳ የለም። ለኩበቱ ሲባል ያክ የሚባለው የተራራ ከብት ክፍል ውስጥ ይታሰራል። ገጠር ዕጣ የወጣለት የእኛ አገር መምህር ይህን ለማየት ማንም ማስተርጎም አያስፈልገውም። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ፊልሙ ግን መሄድ የፈለገውን መምህር አይኮንነውም፣ እኔም ልክ ነው እላለሁ።

እናንተም ትምህርት ቤት ይህን መጀመር ከፈለጋችሁ ከአምስት ስድስት ሰው አትብለጡ፤ ከበዛ ፊልም ማየት ብቻ ይሆናል። ቢያንስ አንድ የቆየ መምህር ይኑር። በ«ታሬ ዛሚን ፓር» ጀምሩ፣ ቋንቋው ባይገባም ምስሉ ያስረዳል። እንግሊዝኛው ፈጣን በሆነባቸው ላይ አንዱ ቀድሞ አይቶት ይምጣና ያስረዳ። ፊልሙን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትቸኩሉ። ታሪኩ እውነተኛ ከሆነ አንዳችሁ እውነተኛውን አንብቦ ይምጣ፣ በተለይ ዓመቶቹን። ከእያንዳንዱ ፊልም አንድ ነገር ብቻ ምረጡና በሳምንቱ የትምህርት ዕቅድ ላይ ጻፉት፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሆነ ጭምር። ለአንድ ወር ሞክሩት። ከዚያ ተገናኝታችሁ የሠራውንና ያልሠራውን አውሩ፣ የሚቀጥለውንም ፊልም ያኔ ምረጡ።